ለስፖርት ውድድር ልጆች ስለሚይዙት መጠጥ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ውሃና የስፖርት መጠጥን ይመለከታል

የክፍል ለክፍል የእግር ኳስና የሩጫ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ በርካታ ተማሪዎች በውሃ ፋንታ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን የስፖርት መጠጦች ይዘው እየመጡ ሲሆን፣ አንዳንድ ወላጆችም «ኤሌክትሮላይት ያለው ይሻላል» በሚል ትምህርት ቤቱ መጠጡን እንዲያቀርብ ጠይቀዋል። ጥያቄው ለልጅ ከማሰብ የመነጨ በመሆኑ መልሱን በጽሑፍ ማድረስ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ኤሌክትሮላይት የሚባሉት እንደ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ ያሉ፣ የሰውነትን ፈሳሽ ለማመጣጠንና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልጉ ማዕድናት ናቸው። በላብ በብዛት የሚወጣው ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም የምግብ ጨው ነው። ይሁንና ጤነኛ ልጅ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ጨዋታ የሚያጣውን ጨው ቤት ገብቶ የሚበላው እንጀራና ሽሮ ይተካለታል፤ ሜዳ ላይ ሳለ የሚያስፈልገው ውሃ ነው። የከተማችን የቀትር ሙቀት እንደ ደሴ አየር የሚቻል ስላልሆነ፣ ከጨዋታው በፊትም ሆነ በየዕረፍቱ ጥቂት ጥቂት ቢጠጣ ይመረጣል።

የስፖርት መጠጥ ለሌላ ሰው የታሰበ ነው፤ ከቀደምቶቹ አንዱ በ1965 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው በሙቀት ለረጅም ሰዓት ለሚለማመዱ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ነበር። ብዙዎቹ በ100 ሚሊ ሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር አላቸው። ይህም በግማሽ ሊትር 30 ግራም፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ይሻላል ከሚለው መጠን ይበልጣል። በመሆኑም ትምህርት ቤቱ መጠጡን አያቀርብም። ካፌይን ያለባቸውን የኃይል ሰጪ መጠጦች ደግሞ ወደ ግቢ ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ልጅ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዘው ግን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ የስፖርት መጠጡም ስኳሩ በዝቶ ጨዉ ስለሚያንስ ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። የሚያስፈልገው ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦ አር ኤስ፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የግሉኮስና የጨው ዱቄት ነው። በውስጡ ያለው ግሉኮስ ለጣዕም የገባ ሳይሆን አንጀት ሶዲየሙን፣ ሶዲየሙን ተከትሎም ውሃውን እንዲስብ የሚያግዝ ነው፤ መጠኑም በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨውና የተመጠኑ ሌሎች ጨዎች ነው። ስለዚህ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሀይላንድ መበጥበጥ ጨዉን እጥፍ ስለሚያደርገው፣ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መጠን አንብባችሁ፣ የአንድ ሊትር ከሆነ ሁለት የግማሽ ሊትር ሀይላንድ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ለክታችሁ በጥብጡት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ልጁ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ቤት ሳታቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙ የተጻፈበት ኮዳ የፈላ ወይም የታከመ ውሃ ሞልቶ እንዲመጣ እንጠይቃለን። በረመዳንም ሆነ በሌላ ጾም ቀን ውሃ የማይጠጡ ተማሪዎች ከሩጫ ልምምድ ነፃ ስለሚሆኑ፣ ወላጆች አስቀድመው ለስም ጠሪ መምህሩ እንዲያሳውቁ በአክብሮት እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር