የውሉን ቃል ከፊርማው በፊት የሚያመሳክር ባለሙያ ይኑር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከወዳጅ አገሮች ጋር የሚደረገው ምክክር ይጠናከር የሚሉ ምሁራንን ጽሑፎች በጋዜጣችሁ አነባለሁ፤ በሐሳቡም እስማማለሁ። ሆኖም ምክክሩ ወደ ውል ሲለወጥ ቃሉን ማን ይመረምረዋል የሚለው ጥያቄ እምብዛም ሲነሣ ስለማላይ፣ የወሎ ሰው እንደመሆኔ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ ከሐይቅ አለፍ ብሎ በሚገኘው ውጫሌ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ሰነድ የወዳጅነትና የንግድ ውል ነበር። የ17ኛውን አንቀጽ ነገር ያልሰማ የለም፤ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል ይል ነበርና፣ ሮም ይህን እንደ ግዴታ ቆጥራ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል አሳወቀች። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ብዙ የማይወሳው 19ኛው አንቀጽ ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎች በትክክል የሚስማሙና እኩል የሚታመኑ ናቸው ብሎ ያረጋገጠው እርሱ ነውና። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃል በቃል ያመሳከረ ሰው ቢኖር ይህ አንቀጽ እንዴት ይጻፍ ነበር? ዳግማዊ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ በኢጣልያ በኩል ይምጣ የሚል መልስ ይዞ ተመለሰ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ቢያስታውቁም፣ ነገሩ የተቋጨው ዓድዋ ላይ ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ከዚያችው ኢጣልያ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ፤ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ለመሥራትም ስምምነት ነበረ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ደሴ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበች። (በዚህኛው የጎደለው ቅንነት እንጂ የቃል ጥራት እንዳልነበረ አውቃለሁ።)

በእኛም ዘመን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ ሳይገለጥ፣ በሐርጌሳ በኩል ዕውቅና ሊሰጠን ነው ሲባል፣ የአዲስ አበባው መግለጫ ደግሞ የዕውቅናው ጉዳይ ተጠንቶ አቋም የሚያዝበት እንደሆነ ተናገረ። አንድ ወረቀት ሁለት ንባብ ሲወጣለት የውጫሌ ጎረቤት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። በነጋሪት ጋዜጣ የምናገኘው ግን በአብዛኛው የማጽደቂያውን አዋጅ እንጂ የስምምነቱን ሙሉ ቃል አይደለም። ድርድር ምሥጢር ሊሆን እንደሚችል አላጣሁትም፤ የተፈረመ ውል ግን ድርድር አይደለም። የውጭ ጉዳይ፣ የሕግና የቋንቋ ባለሙያዎቻችን ከፊርማው በኋላ ተንታኝ ሆነው በቴሌቪዥን ከሚቀርቡ ይልቅ፣ ከፊርማው በፊት የአማርኛውንና የባዕዱን ረቂቅ አመሳክረው፣ በስማቸው የሚጠየቁበትን አስተያየት በጽሑፍ ቢሰጡ እመርጣለሁ።

ጋዜጣችሁም ለምክር ቤት የሚቀርብ ስምምነት በተሰማ ቁጥር የአማርኛ ቃሉን ጠይቆ እንዲያትም፣ ከተከለከለም መከልከሉን እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ