እትዬ አፋቸው ተቃጠለ ስትዪኝ

የኔ ውድ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሽ ከርሜ ዛሬ ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። ይቅርታ። ለልጅሽ ክርስትናም አልመጣሁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ሰሞን ሰው ፊት መብላት አልችልም ነበር። በርበሬው ይቅርና አልጫው ያንገበግበኝ ነበር፤ «በሞቴ» ብለሽ ስታጎርሺኝ እንባዬ ይመጣል ብዬ ፈራሁና ቀረሁ። ከዚያ በኋላ መደወሉም አሳፈረኝ።

ትናንት ግን እትዬ ላይከን ፕላነስ የሚባል የአፍ በሽታ አለብዎት ተባሉ ስትዪኝ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔንም የያዘኝ እሱ ነው። ጉንጬ ውስጥ እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ ነጭ መስመር፣ ዙሪያው ቀይ ቁስል። አይተላለፍም፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይሳሙ።

መጀመሪያ ስቴሮይድ የሚባል ቁስል የሚያበርድ ጄል ተሰጠኝ። በሁለት ሳምንት አሻለኝ፣ ከዚያ ማቃጠሉ ብሶ መጣ። በሽታው የተነሳብኝ መስሎኝ ጄሉን እጥፍ አድርጌ መቀባት ጀመርኩ። ለካ ፈንገስ ነው! ካንዲዳ ይባላል፤ ብዙ ጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ሳይጎዳ ይኖራል። ስቴሮይዱ ቁስሉን ሲያበርድ የአፍን መከላከያም ያዳክማል፣ ፈንገሱ ያን ጊዜ ይራባል። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ መንገድ እየጠረግኩለት ነበር።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ምላሴን በጎዝ ጠረግ አደረገችው። ነጩ ተነሳ፣ ከሥሩ ቀይ ሆኖ ታየ። ዳንቴሉ ግን ቢጠርጉት አይነሳም። ፍቂውን ላብራቶሪ ልካ በማይክሮስኮፕ ታየ። አንዳንዴ ደግሞ ነጭ ሳይኖረው ቀይ ብቻ ስለሚሆን ከራሱ ከበሽታው ጋር ይምታታል፤ ስለዚህ ማቃጠሉ ከባሰባቸው መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት ፈንገስ ይታይላቸው በይ።

ኒስታቲን የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ተጉመጥምጬ አፌ ውስጥ የቻልኩትን ያህል አቆይቼ። ስቴሮይዱን አላስቆመችኝም፣ መጠኑን ነው ያስተካከለችው።

እትዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ አላቸው አይደል? ማታ አውልቀው ይተኙ፣ በደንብም ይታጠብ፤ ፈንገሱ እሱ ላይ ተጣብቆ እየቆየ ይመለሳል። ስኳራቸውንም አስለኪ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ደግሞ አደራ፣ ለሐኪሙ ንገሪ! ከፈንገስ መድኃኒቶቹ ፍሉኮናዞልም ሆነ ማይኮናዞል የሚባለው የአፍ ጄል የዋርፋሪኑን ኃይል ስለሚጨምሩ ደም ሊያፈስሳቸው ይችላል።

ቅዳሜ ቤት ናችሁ? አልጫ ሽሮ ሠርቼ ለብ ሲል ይዤላቸው እመጣለሁ። ልጅሽንም ልየው፣ ሳላየው አደገብኝ።