ለልጃችን በትንሽ ድስት ለሠራችሁላት ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጃችን የደም ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ላከሟት ሐኪሞች፣ ደም ለለገሳችሁላት፣ በጸሎት ላልተለያችሁን ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። በዚህ ደብዳቤ ግን በተለይ የምግቧን ነገር የተሸከማችሁልንን ማመስገን እወዳለሁ።

መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎቿን ሲያወርድባት፣ ሌላውን ሰው ሆድ ቆርጦ የሚተው ተሕዋስ እርሷን ለሞት ሊያደርሳት እንደሚችል ያስረዱኝ የክፍሉ ሲስተር ናቸው። አጠገቤ ተቀምጠው ቤታችን የሚበላውን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከእርሱ የሚወጣው እርጎ፣ አይብና ለጋ ቅቤ ይቅር አሉኝ። መከለሻው ሳይቀር ድስቱ ሳይወጣ ገብቶ እንዲንተከተክ፣ በሶውም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እንዲበጠበጥ ነገሩኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላልና፣ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው።

አማቴ፣ እርስዎን በምን ቃል ላመስግንዎ? ዕድሜዎን ሙሉ ለመጣ ለሄደው የሚበቃ ወጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ለልጅ ልጅዎ ሲሉ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ብቻ መሥራት ለመዱ። እርሷ ትኩሱን በልታ የተረፈውን እኛ እንበላለን፤ ለእርሷ ያደረ ወጥ ቀርቦላት አያውቅም። የበዓል ዶሮ ብልቱን በሎሚና በጨው ሲያጥቡ ፍንጣቂው ዕቃዋ ላይ እንዳያርፍ ግቢው ጥግ ድረስ ወጥተው፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን ለይተው፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ነበር የሚመለሱት። ብርዱ ወገብዎን እያመመዎ እንኳ አንድም ቀን አላማረሩም።

ጎረቤቶቻችን፣ ታማሚን ባዶ እጅ መጠየቅ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። የተሠራ ምግብ አታምጡልን ስንላችሁ ግን ማንም አልተቀየመንም። ከሰል፣ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሎሚ ይዛችሁ መጣችሁ። አንዷ ከማቀዝቀዣዋ የላይኛውን መደርደሪያ ለልጄ ብቻ ለቀቀችልን፤ ጥሬ ሥጋዋን ከታች አውርዳ። ሌላዋ ጉንፋን ይዟት ስለነበር በር ላይ ቆማ ጠይቃን፣ ሳትገባ ተመለሰች። ይህን መቼም አልረሳውም።

አሁን ሐኪሟ ከሰው ጋር ከአንድ ማዕድ እንድትበላ ፈቅደውላታል። በመጪው እሑድ ሁላችሁም ቤታችን ኑልን፤ እስካሁን እናንተ ሠርታችሁልናል፣ የዚያን ቀን እኔ ልሥራላችሁ። ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።