ታንኳውን ማን ቀዘፈው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንደምን ከረማችሁ? ለኅዳር ጽዮን በዓል ስለ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፎቶዎቹ በጣም ደስ ይላሉ፣ በተለይ ከትልቁ ደሴት፣ ከቱሉ ጉዶ፣ አናት ላይ የተነሳው። ጽሑፉ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ታቦቱ ብቻ ነው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፣ ሐይቁን ተሻገሩ፣ ታቦቱ እዚያ 70 ዓመት ተቀመጠ፣ ከዚያ ወደ አክሱም ተመለሰ። በቃ። ሕዝቡስ? ዛይ የሚባል ሕዝብ መኖሩ የተነሳው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ እሱም ዓሣ እንደሚያጠምድ ለመናገር።

የእናቴ ወገኖች ዛይ ናቸው። ነገሩ ስላንገበገበኝ ነው የምጽፍላችሁ።

በትውፊቱ ላይ ክርክር የለኝም። እኔም አብሬው ነው ያደግኩት። ቱሉ ጉዶ ላይ ካለችው ከደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተሳልሜያለሁ፣ ካህናቱ ያረጁትን የብራና መጻሕፍት ከጨርቅ ፈተው ሲያሳዩ ቆሜ አይቻለሁ። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። የደሴቶቹን አሰፋፈር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጉዞ፣ ከአንድ ቦታ በመጡ ሰዎች ያለቀ አድርጋችሁ ጻፋችሁት። እንደዚያ አይደለም።

አያቴ መቂ ነበር የምትኖረው። የዘር ሐረጓን ስትቆጥርልን በቀኝ እጇ ጀምራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች። የመጨረሻዎቹ ላይ ስትደርስ "እንግዲህ እነዚህ ከሰሜን የመጡት ናቸው" ትላለች። ከዚያ ግራ እጇን ትዘረጋለች። "እነዚህ ደግሞ የእናቴ ናቸው፣ ከስልጤ በኩል።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንዲት ከሸዋ በጦርነት ሸሽታ የመጣች ሴት ታስገባለች። እኛ ልጆቹ የቱ ጋ እንደምትገባ ይጠፋን ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አልተምታታባትም። ሦስቱም የእሷ ናቸው።

ይኼ የአንድ አሮጊት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ ቋንቋውን ተመልከቱ። ዛይኛ ሴማዊ ነው፣ ግን ከትግርኛ ይልቅ የሚቀርበው ለስልጤኛና ለወላንኛ ነው፣ ከነሱ አልፎ ደግሞ ለሐረሪኛ። ዛይኛን፣ ስልጤኛንና ወላንኛን የቋንቋ ተመራማሪዎች የምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች ብለው አንድ ላይ ነው የሚመድቧቸው። አያቴ መቂ ገበያ ከአንዲት የስልጤ ነጋዴ ጋር በርበሬ ስትከራከር፣ ሁለቱም በየራሳቸው ቋንቋ እያወሩ ሁሉንም ባይሆን ብዙውን ቃል ይለዩት ነበር፣ ያልተለየውን በእጅ ይጨርሱታል። እንግዲህ ሕዝቡ ሁሉ ከአክሱም ከሆነ የመጣው፣ ይኼ ቋንቋ ከየት መጣ? ልጅ አፉን የሚፈታው በእናቱ ቋንቋ ነው። ከሰሜን የመጡት ካህናት ይሁኑ፣ እሺ። እናቶቹ ግን የዚሁ አካባቢ ሰዎች ነበሩ ብዬ ነው የማምነው።

እናንተ ያላነሳችሁት አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ታንኳውን ማን ቀዘፈው? ከባቱ (ከድሮዋ ዝዋይ) ቱሉ ጉዶ ለመድረስ ዛሬ በሞተር ጀልባ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ውኃው እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ከደጋ የመጣ፣ ሐይቅ አይቶ የማያውቅ ካህን በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ዳር ላይ ደርሶ፣ ሸምበቆ ቆርጦ፣ ታንኳ አስሮ፣ ታቦት ተሸክሞ በራሱ ቀዝፎ ተሻገረ? አይመስለኝም። ውኃውን የሚያውቅ ሰው እዚያ ነበር። አሻገራቸው፣ አስጠጋቸው፣ ምናልባትም ልጁን ዳረላቸው። ታሪኩ ስሙን አልያዘልንም፣ ግን ያለ እሱ ታሪኩ አይቆምም።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ፍልሰት በግራኝ ዘመን ነው። ከ1521 የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ጀምሮ እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ በሸዋና በዙሪያዋ ያለ ክርስቲያን ነፍሱንና ንዋየ ቅድሳቱን ለማዳን ያላንኳኳው በር አልነበረም። ሜዳው ላይ መደበቂያ ተራራ ጥቂት ነው፣ ሐይቁ ግን ራሱ ግንብ ነው። ጣና ላይም ያየነው ይኸው ነው፣ ሰው ውኃን አጥር አድርጎ ሃይማኖቱንና መጽሐፉን አቆየ።

ሰው ሲበዛ ደግሞ መሬቱ ጠበበ። ቱሉ ጉዶ ላይ የወጣ ሰው ወደ አናት ከመሮጡ በፊት ግራና ቀኙን ቢያይ ደስ ይለኛል። ቁልቁለቱ በድንጋይ እርከን ተይዟል። ባለፈው ስሄድ አንድ የዘመድ ልጅ ከፊቴ ይወጣ ነበር። ከእርከኑ የወደቀች አንዲት ድንጋይ መንገዱ ላይ አየ። ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ አገላብጦ አያት፣ ከዚያ ወጥታበት ወደነበረው ክፍተት መልሶ ሰካት። ወሬውንም አላቋረጠ። ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው ጥያቄው ራሱ ገረመው።

ደግሞ እባካችሁ "ከዓለም ተቆልፎ የኖረ ሕዝብ" አትበሉን። ተቆልፈው ቢሆን ኖሮ እህልና ቅቤ ከየት ያመጡ ነበር? ዳር ካሉት የአርሲ ኦሮሞዎች ጋር ተገበያይተዋል፣ ተጣልተዋል፣ ታርቀዋል፣ ተጋብተዋል። አርሲዎቹ ላቂ ብለው ነው የሚጠሯቸው። ትልቁ ደሴት ራሱ ሁለት ስም አለው፣ በቤተ ክርስቲያን ደብረ ጽዮን፣ በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ፣ ማለትም ትልቁ ተራራ። አያቴ ሁለቱንም ትለው ነበር። ስለት ስትሳል ደብረ ጽዮን፣ ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ቱሉ ጉዶ።

በ1870ዎቹ ማብቂያ የምኒልክ ጦር አርሲን ሲይዝ ደሴቶቹ ላይ ክርስቲያን ሕዝብ መኖሩ ብዙ ሰው አስደነቀ። ከዚያ በኋላ ውኃው ግንብ መሆኑ ቀረ። ሰው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ወጣ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሐይቁ ዙሪያ ቀበሌዎች። ትምህርት ቤቱም ሐኪም ቤቱም ገበያውም ዳር ላይ ነውና ማንንም አልወቅስም። ግን ቋንቋው አብሮ ሳስቷል። የአጎቶቼ ልጆች ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ ዛይኛ ላይ ሲደርሱ ይሰማሉ እንጂ መመለስ ይከብዳቸዋል። እኔም ከነሱ አልሻልም፣ ይኼን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ሌላ አማራጭ ስለሌለኝ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለኅዳር ጽዮን ጋዜጠኛ ስትልኩ ተጨማሪ ሁለት ቀን ስጡት። ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ በዚያው ጀልባ አይመለስ። ሌሎቹ ደሴቶች ጋም ይሂድ፣ ጸደቻ ይውረድ፣ ፈንዱሮም ይድረስ፣ ዛይኛ የሚችል ሰው ይዞ ከአሮጊቶቹ ጋር ይቀመጥ። ካህናቱን ስለ ታቦቱ ሁሉም ሰው ይጠይቃቸዋል። አሮጊቶቹን ደግሞ እናታቸው፣ የእናታቸው እናት፣ የእሷም እናት ከየት እንደሆኑ ይጠይቃቸው። መቅጃው በርቶ ይቆይ፣ መልሱም መጀመሪያ በዛይኛው ይቀዳ። አያቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፣ እኔ ግራ እጇ ላይ የቆጠረቻቸውን ሴቶች ስም በወጉ አልጻፍኩም። አራቱን ብቻ ነው የማስታውሰው።

አክባሪያችሁ፣
የመቂው አንባቢያችሁ