የለቅሶ ድንኳናችሁን ለዜማ ላዋሳችሁን ሁሉ

ለሰፈራችን ሰዎችና ለጎንደር ሕዝብ፣

የጥምቀት እንግዳ ገና ከተማውን ሳይለቅ የድምፅ ቡድናችን ያዘጋጀው የዜማ ምሽት በሰላም አለፈ። እግዜር ይስጥልን! አዳራሽ አጥተን በድንኳን፣ ማይክ አጥተን በጉሮሯችን ነው የተወጣነው። እናንተ ባትኖሩ ግን ድንኳኑም አይተከልም ነበር።

ያልሰማ ስላለ የሆነውን ባጭሩ እንንገራችሁ። ቀብድ ከፍለን የያዝነው አዳራሽ ለሌላ ዝግጅት እንደተሰጠ የተነገረን በዋዜማው ነው። በጥር ጎንደር ውስጥ ባዶ አዳራሽ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያላንኳኳነው በር የለም። ጨነቀን።

ይህን የሰሙት የእድራችን ዳኛ ማታውኑ ኮሚቴውን ጠሩ። ድንኳኑ የለቅሶ ድንኳን ነው። ብዙዎቻችን አባት እናታችንን ቀብረን የተቀመጥነው እሱ ስር ነው። ለዘፈን ይሰጥ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ቅር ያላቸውም ነበሩ፤ አንፈርድባቸውም። አንዲት እናት ግን «እኛ የምንሰበሰበው ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ጠዋት ወጣቶቹ ምሰሶውን ተሸክመው መጡ። አግዳሚው፣ ረከቦቱ፣ ጀበናው ተከተለ። ቅር ብሏቸው የነበሩት ሽማግሌም ካስማ ሲመቱ አየናቸው። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ እናመሰግናለን።

ድንኳን ለዘፋኝ አንድ ችግር አለው፤ ሸራው ድምፅ ይውጣል። እኛ ደግሞ ድምፅ ተከፋፍለን የምንዘፍን ሰዎች ነን። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ የወንድ ድምፅ፣ ከስር ካልተሰማ ቀጭኑን ድምፅ የምትይዘው ሶፕራኖዋ ብቻዋን አየር ላይ ትቀራለች። ልምምዳችንን ቆመው ያዳመጡ አናጢ ጎረቤታችን የጎኑን ሸራ እስከ ላይ ጠቀለሉት። ከዚያ እኛን ጀርባችን ወደ ቆርቆሮው አጥር እንዲሆን አድርገው አቆሙን። ድምፃችን ቆርቆሮውን እየመታ ወደ ሰዉ ተመለሰ። የድምፅ ባለሙያ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

እውነቱን ለመናገር፣ ጎንደር ላይ መዝፈን ያስፈራል። የአዝማሪ አገር ነው፤ የሰዉ ጆሮ ስል ነው። ደግሞም እኛ ዘንድ የተለመደው አንዱ ሲያወጣ ሌላው እንዲቀበል ነው። ሁሉም በአንድ ዜማ ነው የሚሄደው። ድምፅ ለአራት ተከፍሎ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሲሄድ ላልለመደው ግርግር ሊመስል ይችላል። ይህ ነገር ግን እዚሁ አገራችንም አለ። የጨንጫው ልጃችን ያስተማረን የዶርዜዎች አዘፋፈን እንዲያ ነው። በበዓል ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድምፅ ይዞ በሌላው ላይ ይደርባል። ከደቡብ አፍሪካ የወሰድነው ደግሞ የዙሉ ሠራተኞች ከቤታቸው ርቀው፣ በማዕድን ማውጫና በፋብሪካ ሆስቴሎች እየኖሩ ያሳደጉት ነው። መሣሪያ የለውም። አንድ መሪ ያወጣል፣ ቤዞቹ በዛ ብለው ከስር ይይዙታል፣ እግር መሬቱን ቀስ ብሎ ይነካል። ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ የተባለው የአገሩ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲዘፍነው ኖሮ ለዓለም ያሰማው ይህንኑ ነው። እናንተም ዝም ብላችሁ አዳመጣችሁ፣ ከዚያ በጭብጨባ ገባችሁበት። ያውም ምቱን ሳትስቱ!

የመነሻ ድምፅ የሰጠን አዝማሪ ወንድማችን ነው። ያን ማታ የራሱ ሥራ ነበረው፤ አስፈቅዶ መጣ። ከእያንዳንዱ ዜማ በፊት የማሲንቆውን መቃኛ ጠምዘዝ አድርጎ ጭራውን አንዴ ይስባል። ድምፁን ስናገኝ ደጋኑን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። እሱን የመሰለ ባለሙያ ለኛ ብሎ ያን ሁሉ ሰዓት ሳይዘፍን መቀመጡን አንረሳውም።

ሱዳናዊት እህታችንን ስለተቀበላችሁበት ግን ቃል ያጥረናል። በአገሯ ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል ነው ወደኛ የመጣችው። የእናቷን እሹሩሩ ስታወጣ እኛ ከስር በትዝታ ቅኝት ተቀበልናት። የሱዳን ዜማም እንደኛው በአምስት ድምፅ ስለሚቃኝ አልተጣሉም። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ቋንቋውን ሳያውቁ ማንጎራጎር ጀመሩ። እሷ ስትጨርስ እነሱ አልጨረሱም ነበር። ዞር ብላ አየችን፣ እንደገና ከመጀመሪያው አወጣችው። እሷን ልጄ ብላችሁ ስማችሁ የሸኛችሁ እናቶች፣ ክፉ አይንካችሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

ቡና ስታፈሉ ያመሻችሁ እህቶች፣ ሽማግሌዎቹን በነፃ ቤታቸው ያደረሳችሁ የባጃጅ ሾፌሮች፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ሰው ያስተናገዳችሁ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን፣ ብድራችሁን በደስታ ቀን ለመመለስ ያብቃን።

ድንኳኑ ታጥቦ፣ የተተረተረው ጥጉ ተሰፍቶ ለእድሩ ተመልሷል። ከወጪ የተረፈውም ብር ለእድሩ ገቢ ሆኗል። ልምምዳችን እንደወትሮው ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነው። መስማት የሚፈልግም መዝፈን የሚፈልግም ይምጣ። ወፍራም ድምፅ ያላችሁ ወንዶች በተለይ ኑልን፤ ቤዝ ያንሰናል።

አክባሪዎቻችሁ፣
የድምፅ ቡድኑ አባላት
ጎንደር