ለልጄ፦ ስለ ጫካ ቡናና ስለ ባሌ ጦጣ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። «ቡና በየገበያው በኩንታል እየተሸጠ እንዴት ሊጠፋ ነው ይባላል?» ብለሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አሰብሁበትና፣ ጎረቤቱን የባሌ ጦጣ ሳላነሣ መልስ መስጠት እንደማልችል ተረዳሁ።

ሁለቱም በባሌ ተራሮች የሚገኘው የሐረና ደን ነዋሪዎች ናቸው፤ ቡናው ከታች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ጦጣዋ ደግሞ ከፍ ብሎ በቀርከሃው ደጋ ትኖራለች። ይህች ባለ ነጭ ጺም ጦጣ ከአገራችን ደቡባዊ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም አትገኝም፤ ደኑ ባልተነካበት ስፍራ ከምትበላው ሦስት አራተኛው ያህል ቀርከሃ፣ ይልቁንም ለጋ ቅጠሉ ነው። ቀርከሃው ሲመነጠር ወደ እርሻ ትወርድና በሰብል ሌባነት ትባረራለች። እንዲያም ሆኖ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የጫካውን ቡና የመደበው ከእርሷ አንድ ደረጃ በከፋ የመጥፋት አደጋ መደብ ነው። ይህ እኔንም አስገርሞኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዓለም ማሳዎች የሞላው አረቢካ ከጥቂት እናት ዛፎች የተባዛ በመሆኑ የዘሩ ስብጥር ጠባብ ነው፤ ሀብቱ ያለው በእኛ ጫካ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን በገባ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙት ዝርያዎች የተገኙት ከደቡብ ምዕራብ ደኖች ከተሰበሰቡ ቡናዎች መካከል ነበር።

መጥረቢያው ለሁሉም የሚታይ ጥፋት ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መደባለቁ ነው። ገበሬው ቁጥቋጦውን መንጥሮ የተመረጠ ችግኝ ከጫካው ጎን ሲተክል፣ ንቦች ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ያመላልሱና የጫካው ዘር ይከለሳል። ደኑ ተቆራርጦ በእርሻዎች መካከል የቀረችው የባሌ ጦጣም እንዲሁ ከሌሎች ጦጣዎች ጋር ትዳቀላለች። ላይ ላዩን ላየው ሰው ቡናውም ቡና ነው፣ ጦጣዋም ጦጣ ናት።

የቡና ዘር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ደርቆ በበረዶ ቤት ለረጅም ዘመን ስለማይቆይ፣ በጅማ አካባቢ ጮጬ በሚባል ስፍራ በሕይወት እንዳለ በማሳ ተተክሎ ይጠበቃል። ጦጣዋ ግን ከቀርከሃው ደን የተሻለ መጠለያ የላትም።

ከባሌ፣ ከደሎ መና የመጣ አንድ ኪሎ ቡና በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ነጋዴው ከጫካ የተለቀመ ነው ብሎ ቢምልልኝም፣ እናት ዛፉ ከየት እንደመጣች ብጠይቀው ሳቀብኝ።

አባትሽ