ከሱቁ በፊት ስለ መጋዘኑ ይጠየቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የደሴት ከተሞች ሲያድጉ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች ተከትለው ይመጣሉ። ክርክሩ ወዲያው ዋጋ ይቀንሳሉ በሚሉና ትናንሽ ሱቆችን ያዘጋሉ በሚሉ ወገኖች መካከል ይሆናል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የደሴቱ የምግብ ክምችት የት እንደሚቀመጥ ግን የሚጠይቅ የለም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ዋጋው የሚወርደው በመደብሩ ቸርነት አይደለም። አንድ ኮንቴይነር ብቻውን መሙላት የማይችል ነጋዴ የባሕር ጭነት የሚከፍለው በሜትር ኩብ ወይም በቶን ተሰልቶ፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። ስለዚህ እንደ ሶፍት ላለ ቀላል ግን ቦታ ለሚፈጅ ዕቃ የሚከፍለው ባብዛኛው ለአየር ነው። 33 ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዘውን ባለ 20 ጫማ፣ ወይም 67 ገደማ የሚይዘውን ባለ 40 ጫማ በራሱ ዕቃ የሚሞላ ድርጅት ለኮንቴይነሩ ብቻ ይከፍላል። ከደሴት የሚወጣ ምርት ጥቂት ስለሆነ ኮንቴይነሩ ባዶውን ሲመለስ ሂሳቡ የሚያርፈው በገቢው ዕቃ ላይ ነው።

መደብሩ ግን መጋዘኑን ይዞ አይሻገርም። ማከፋፈያው በዋናው ምድር ይቀራል፤ ቅርንጫፉ ከመደርደሪያው ጀርባ የሚይዘው የጥቂት ቀን ዕቃ ነው። የሳምንታት ክምችት የነበረው የደሴቱ ጅምላ አከፋፋይ ደንበኛ ሲያጣ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማዕበል መርከብ ባስቀረ ቁጥር መደርደሪያው ይራቆታል። መርከብ መድረሱም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ ሥር ያለችውን የፖርቶ ሪኮ ደሴት ከመታ በኋላ በሳን ሁዋን ወደብ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮንቴይነሮች ተከማችተው ነበር፤ ሹፌር፣ ነዳጅና ክፍት መንገድ ስላልተገኘ ሱቅ ሳይደርሱ ሰነበቱ። በአሜሪካ ወደቦች መካከል ዕቃ በአሜሪካ መርከብ ብቻ እንዲጫን የሚያስገድደው የ1920ው (እ.ኤ.አ.) ሕግ ለ10 ቀን ቢነሳም ለዚህ መፍትሔ አልሆነም።

ማገድም ተሞክሯል። የአሜሪካዋ የናንተኬት ደሴት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች በመሐል ከተማው እንዳይከፈቱ ድምፅ ሰጡ፤ የአትላንቲክ ደሴቷ ቤርሙዳም የውጭ ፈጣን ምግብ ቤቶችን በሕግ ከልክላለች። ይህ የከተማውን መልክ ይጠብቃል፣ የኮንቴይነሩን ሂሳብ ግን አይለውጥም።

የሚሻለው የመደብሩን የመክፈቻ ፈቃድ በክምችት መወሰን ነው። የወደቡ የ10 ዓመት መዝገብ ይታይና መርከብ የቀረበት ረጅሙ ጊዜ ይያዝ። 6 ቀን ከሆነ፣ ማራገፊያና ማከፋፈያ 3 ቀን ሲጨመር፣ መደብሩ ቢያንስ የ9 ቀን ዱቄት፣ ዘይት፣ የሕፃን ወተትና የታሸገ ውሃ ደሴቱ ላይ እንዲያስቀምጥ በፈቃዱ ይጻፍ። ለማቀዝቀዣ ክፍሉም ጄኔሬተርና የእነዚያኑ ቀናት ነዳጅ ያስፈልጋል፤ የቀዘቀዘ ሥጋ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ካልተያዘ ክምችት መባሉ ከንቱ ነው።

ትናንሾቹ ሱቆች ደግሞ ተባብረው አንድ ኮንቴይነር ይሙሉ። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን፣ ክብደቱም ከፊት እስከ ኋላ እኩል ይከፋፈል፤ መጀመሪያ የሚወርደው በመጨረሻ ይጫን። ሳሙና ከዱቄትና ከሻይ ጋር አይቀላቀል፣ ሽታው ይገባባቸዋል። እንዲህ ያለው ኅብረት ባብዛኛው የሚፈርሰው በወረቀት ነው፤ የአንዱ ሰነድ ሲጎድል የሁሉም ዕቃ ጉምሩክ ላይ ይቆማል፣ የኮንቴይነሩ የቀን ኪራይም ይቆጥራል። ስለዚህ ሰነዱ ከመጫኑ በፊት ተሟልቶ በአንድ ተጠያቂ እጅ ይግባ፤ ያልደረሰለት ለሚቀጥለው መርከብ ይቆይ።

ሌላው የኪራይ ውል ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ሲወጡ ሕንፃው ለሌላ ምግብ ሻጭ እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ያስገባሉ። ለወደብ ቅርብና ሜዳ የሆነ ቦታ አንድ ብቻ ባለበት ደሴት ይህ አንቀጽ ከተማውን ለዓመታት ያለ ገበያ ያስቀራል። ፈቃዱ ሲሰጥ ይከልከል።

በዕቃ ማጓጓዝ ሥራ የተሰማራ አንባቢያችሁ